አሥረኛዋ ብሎን

አረፋ ሲቃረብ ሌላው ቤተሰብ የሚያወራው ስለ በግ ነው፤ የእነ መሀመድአሚን ቤተሰብ ግን የሚያወራው ስለ ጎማ ነው። ወላሂ አልዋሸሁም! ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ ስልክ ሲደወል "ለበዓሉ ምን ገዛችሁ?" የሚል የለም። "ዘንድሮስ ባልሽ ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ አወቀ?" ነው ጥያቄው።

ጠያቂዋ ታላቋ እህት ኑርሀያት ናት። አዋሽ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ምግብ ቤት አላት፤ ባሏ ሰላሀዲንም ሾፌር ነው፣ ያውም ጎማ ቀያሪ ነው ከተባለ እሱ ነው የሚባልለት። ተጠያቂዋ ታናሿ ሀምዳ ናት። እሷ ሰመራ ላይ ከባሏ ከአብዱሰላም ጋር ሽርጥና ሻሽ ትሸጣለች። እንግዲህ አስቡት! አንዱ ባል ዕድሜውን ከጎማ ጋር ሲታገል የኖረ፣ ሌላው ባል ጨርቅ በሜትር ሲለካ የኖረ። እነዚህ ሁለቱ ናቸው በየዓመቱ ጎማ በመቀየር የሚወዳደሩት።

ነገሩን ያመጡት አባትዬው ናቸው። መሀመድአሚን ከወሎ ወርደው፣ ከረዳትነት ተነስተው፣ ሠላሳ ዓመት የጅቡቲን መንገድ የነዱ ሰው ናቸው። አንድ ዓመት ረዳታቸው በወባ ወደቀና ሚስታቸውን ማሚትን ጎናቸው አስቀምጠው ከጅቡቲ ሲመለሱ፣ በአረፋ ዋዜማ፣ ዲቾቶ አካባቢ ጎማ ፈነዳ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ማሚት ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ክሪኩን ይዛ መኪናው ሥር ገባች። እሷ መኪናውን አነሳች፣ እሳቸው ብሎኑን ፈቱ፤ ተረዳድተው ቀየሩና ለበዓሉ ሰላት ቤታቸው ደረሱ። ከዚያ ወዲህ በየአረፋው፣ በጉ ታርዶ ሥጋው እስኪበስል፣ ግቢ የቆመውን መኪና አንድ ጎማ ባልና ሚስት ሆነው ይፈቱና መልሰው ያስሩ ነበር። ጨዋታ ነው፤ ፍቅርም ነው።

ማሚት ስትሞት ጨዋታው ለልጆቿ ወረደ። ሁለቱ ሴት ልጆች ከየባሎቻቸው ጋር ሆነው ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈችው የሚመጣውን ዓመት አረፋ በቤቷ ታደርጋለች። አባትም፣ ዘመድ አዝማድም ጓዙን ጠቅልሎ እሷው ቤት ነው። ሕጉ ይኸው ነው። ስምንት አረፋ ተወዳደሩ፤ ስምንቱንም አዋሽ ወሰደው።

በመጀመሪያው ዓመትማ የሆነው እስካሁን ይወራል። የአባትዬው መኪና አሮጌ ነው፤ በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖች የሚፈቱት በተቃራኒው ነው። ይህንን የጅቡቲ መንገድ ረዳት ሁሉ ያውቃል፤ ጨርቅ ነጋዴ ከየት ይወቀው? አብዱሰላም ግራው ደረሰውና ላቡ ጠብ እስኪል ድረስ ብሎኑን ሲያጠብቅ ቆየ፤ እየፈታ መስሎት! ኑርሀያት ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሰፈሩ ጎሚስታ ጁነዲን፣ ጊዜ ያዡም ዳኛውም እሱ ነው፣ "ይሄ ብሎን ከእንግዲህ በብየዳ ካልሆነ አይፈታም" ብሎ ፈረደ።

ሀምዳ ግን ያን ቀን አልሳቀችም። የሷ ነገር ከጨዋታ አልፏል። ለምን እንዳለፈ ደግሞ ልንገራችሁ።

አብዱሰላም ሽማግሌ የላከ ጊዜ ነው፤ ማሚት ሞታ ጨዋታው ለልጆቿ ይሁን ከተባለ በኋላ። አባትዬው ልጁን ሊያዩት ፈለጉና አስጠሩት። ሲጨብጡት እጁን ይዘው ቀሩ፤ ገለበጡት፣ መዳፉን ዳሰሱት፣ ከዚያ በሽማግሌው ሁሉ ፊት "ይሄማ ጥጥ ነው! ብሎን ያልፈታ እጅ ቤት አያቆምም" አሉ። ለሳቅ ብለው ነው፤ ሽማግሌውም ሳቀ፤ ልጅቱንም ሰጡት። ሀምዳ ግን ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ቀልቷል።

"አባ፣ ወላሂ! ይሄ ጥጥ ያልከው እጅ አንድ ቀን አሸንፎ አንተን ሰመራ ይወስድሃል። እስከዚያ ድረስ ቤቴ ና አልልህም!"

አባትዬውም ማን ናቸውና ይሸነፋሉ? "እኔም ና ካልተባልኩ አልመጣም" አሉ።

አያችሁልኝ? እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ይኸ ነው። አንድ ቀን ይረሳል ሲባል ዓመት ሆነው፣ ዓመቱ ስምንት ሆነ። ሀምዳ ሰመራ ላይ ቤት ስትሠራ አንዷን ክፍል ለብቻዋ ለየቻት። ነፋስ በሚያስገባው በኩል ናት። ኤሲ አስገባችላት፣ አልጋ ገዛችላት፣ አባቷ ለሰላት ውዱእ የሚያደርጉበት ዝቅ ያለ ቧንቧ አስተከለችላት፤ እንግዳ ሲበዛ እንኳ ማንንም አታስተኛባትም። ፍራሹ ላይ ያለው ላስቲክ እስከዛሬ አልተነሳም። አብዱሰላም አንዴ "ለምን ደውለሽ ና አትያቸውም?" ቢላት ሦስት ቀን አኮረፈችው። ምን ታድርግ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባት።

ዘንድሮ ግን፣ ዘንድሮ ሌላ ነው! ዓመቱን ሙሉ፣ በየጁምዓው ንጋት፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ባልና ሚስት ከሱቃቸው ጀርባ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ይሄዱ ነበር። ትግሉ የሚባል ሾፌር ደንበኛቸው ነው፤ መኪናውን እዚያ ሲያሳድር ጎማውን ይፈቱበታል። "ኧረ በአላህ ይሁንባችሁ፣ እኔ ጭነት አለብኝ" ይላል ትግሉ፤ እነሱ መቼ ይሰሙታል! ሀምዳ ስልኳን ከፍታ ጊዜ ትይዛለች። መጀመሪያ ላይ ሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጀባቸው። ከረመዳን በፊት አሥራ ስምንት ገቡ። ለአረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሥራ ሦስት ደቂቃ! ሀምዳ ከሰው ፊት መሆኗን ረስታ ባሏን አቀፈችው፤ ትግሉ ፊቱን አዞረ።

አዋሽ የደረሱት በዋዜማው ነው። የኑርሀያት ግቢ ሞልቷል፤ የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ ጎረቤት፣ መንገድ ላይ በዓል የደረሰባቸው ሾፌሮች። ኑርሀያት ከማዕድ ቤት እጇን እየጠረገች ወጣችና እህቷን አገላብጣ ሳመቻት።

"እሰይ፣ መጣችሁልኝ! ሀምዲ፣ ከሳሽሳ? ሰመራ ቀለጥሽ እንዴ?"

"እትዬ፣ ዘንድሮ ጓዝሽን አዘጋጂ። የሚመጣው አረፋ ሰመራ ነው።"

"ሰመራ? በጉን ማረድ ብቻ ነዋ፣ የሚበስለው በራሱ ነው!" ግቢው በሳቅ ተናጋ።

አብዱሰላም ለአማቹ ሊያጎነብስ ሄደ። አባትዬው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ከአምና ወዲህ ጉልበታቸው ሲነሱ ድጋፍ ይፈልጋል። እጁን ያዙት። እንደዚያን ጊዜው ያዙት። አውራ ጣታቸው መዳፉ ላይ ሄደ፣ ጠጣር ነገር አገኘ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ።

"እ?" አሉ። እጁንም ለቀቁት። ሀምዳ ግን አይታለች፤ ልቧ ዘለለ።

በበዓሉ ቀን ሰላት ተሰገደ፣ ኡድሂያው፣ የበዓሉ በግ፣ ታረደ፣ ለሚስኪን የሚሄደው ሥጋ ተለየ፣ ድስቱ ተጣደ። ከዚያ ጁነዲን ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ጎረፈ። መኪናው የአባትዬው አሮጌ መኪና ነው፤ አሁን የሚነዳው ሰላሀዲን ነው። "ቶሎ በሉ፤ ነገ ይቺኑ ይዤ ወደ ጅቡቲ ነኝ" አለ እጅጌውን እየሰበሰበ። እንደሚያሸንፍ ያወቀ ሰው አነጋገር ነው።

ጁነዲን ሕጉን ደገመው፤ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን። "ከኋላ፣ የውጭው ጎማ። አንዱ ቤት በቀኝ፣ አንዱ ቤት በግራ። አሥሩም ብሎን ይፈታል። ጎማው ወርዶ፣ እየተንከባለለ ሄዶ የግቢውን በር ነክቶ ይመለሳል። ይታሰራል። የጨረሰ 'ጨረስን' ይላል። ከዚያ አባ በመፍቻ ይፈትሻሉ፤ አንድ የላላ ብሎን ከተገኘ ቀድሞ መጨረስ ዋጋ የለውም፣ ተሸንፏል!"

አባትዬው ሁልጊዜ የሚሏትን አሉ፦ "ብሎን ዘመድ አያውቅም።"

ዕጣ ተጣለ። ግራው ለሀምዳና ለአብዱሰላም ደረሰ። "ኧረ የታወቀ ነው!" ብላ ኑርሀያት አጨበጨበች። "አብዱሰላም፣ በየት በኩል እንደሚፈታ ልንገርህ?"

"እትዬ፣ አመሰግናለሁ፤ ትግሉ ነግሮኛል" አለ አብዱሰላም በትሕትና፤ ሾፌሮቹ ሳቁ።

ፊሽካው ተነፋ!

አብዱሰላም መፍቻውን የመጀመሪያው ብሎን ላይ ሰካ፣ እጀታውን በረጅም ቧንቧ አስረዘመ፣ በተቃራኒው፣ በትክክለኛው በተቃራኒው በኩል ተጫነው። ጧ! ፈታ። "አንድ!" አለች ሀምዳ። ጧ! "ሁለት!" ክሪኩን ገፍታ ከአክሰሉ ሥር አስገባች፣ ታኮውን ከፊት ጎማ ሥር ወሸቀች፣ ማሚት እንዳደረገችው ቀሚሷን ሸብ አደረገች። ከወዲያ ማዶ የሰላሀዲን መፍቻ እንደ ሰዓት ነው፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አይቸኩልም፣ አያርፍም።

"አዋሽ ሰባት!" ጮኸ አንዱ።

"ሰመራም ሰባት!" ጮኸ ሌላው። ግቢው ቀጥ አለ። ሰመራ ሰባት ላይ እኩል ሲደርስ በስምንት ዓመት የታየ ነገር አይደለም።

አሥሩም ተፈታ። ሀምዳ ክሪኩን ስታነሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ጎማው ከመሬት ለቀቀ፣ ብሎኖቹ ወጡ፣ አብዱሰላም ጎማውን አቅፎ ወደ ራሱ ሳበው። ዱብ! አሁን ወደ በሩ። ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን እየተንከባለሉ ሄዱ፣ ባልና ሚስት በግራ፣ ባልና ሚስት በቀኝ፤ ሰው እየጮኸ መንገድ ይለቃል፣ ዶሮ ይሸሻል፣ አንዲት አክስት "አላህ! ልጆቹን አንሱ!" ትላለች። በሩን ቀድሞ የነካው የሀምዳ ጎማ ነው! ኑርሀያት ስትዞር እግሯ ሻሿን ረገጠና ጎማቸው ወደ ውሃ በርሜሉ ዘመመ። "ቀጥ አድርጊው አንቺ ሴት!" አላት ሰላሀዲን። "አንተ ቀጥ አድርገው፣ ሾፌሩ አንተ ነህ!" አለችው። ሀምዳ በሳቅ ልትወድቅ ነው፤ ግን ትሮጣለች።

ተመለሱ። አብዱሰላም ማንሻ ብረት ከጎማው ሥር አስገብቶ አነሳ፣ ሀምዳ ቀዳዳውን ብሎኑ ከሚታሰርበት ዘንግ ጋር አጋጠመች፣ አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ፣ በሦስተኛው ገባ። ሀምዳ አሥሩን በእጇ አስገብታ አዞረች፤ ክሪኩ ወረደ። የቀረው ማጥበቅ ብቻ ነው። አብዱሰላም ተጫነ። አንድ። ሁለት። ስምንተኛው ላይ መዳፉ ተተረተረ። ዓመቱን ሙሉ የጠጠረው ቆዳ ተገነጠለና መፍቻው በደም አዳለጠው። ሀምዳ ነጠቀችው። ዘጠነኛውን እሷ ተጫነችው፤ በሁለት እጇ፣ በሙሉ ሰውነቷ።

"አንድ ቀረን!" አለች ኑርሀያት ከወዲያ ማዶ።

ሀምዳ ይህን ስትሰማ ምን እንደነካት ራሷም አታውቅም። ሆን ብላ ነው እንዳትሉኝ። ላስቲኩ ያልተነሳው ፍራሽ ታያት፣ ዝቅ ያለው ቧንቧ ታያት፣ መፍቻውን ወረወረችና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ሰደደች።

"ጨረስን!"

ፊሽካው ጮኸ። ሰው ሁሉ ጮኸ። በዚያ ጩኸት መሃል ነው ዓይኗ ጎማው ላይ ያረፈው፤ አሥረኛዋ ብሎን። በእጅ ብቻ የዞረች። መፍቻ ያልነካት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገሬ ሰው፤ እሷ ግን የምትለቅምበት ጊዜ እንኳ የላትም፣ ፊሽካው ተነፍቷል። አብዱሰላም የሚደማ እጁን በሻሽ እየጠቀለለ ወደ ሰማይ አይቶ "አልሀምዱሊላህ" ይላል፤ እሱ አላየም። ማንም አላየም።

አባትዬው በሰው ተደግፈው መጡና መፍቻውን አነሱ። ሕዝቡ ከጀርባቸው ነው፤ ሀምዳ ብቻ ጎማው ሥር እንደተንበረከከች ቀርታለች። ፈተሹ። አንደኛው ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... ዘጠነኛው። አሥረኛዋ ላይ ሰኩ፣ ጫን አሉ፣ መፍቻው ሩብ ዙር ያህል ሄደ።

አባትዬው ደርቀው ቀሩ። ሀምዳ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጠብቋል!" አሉ።

ዓይኗን ከፈተች። መፍቻውን ነቅለው ይዘዋል፤ እሷን አያዩም።

"አሥሩም ጠብቋል! ሰመራ አሸንፏል!"

ኧረ ያን ጊዜ የነበረው ጩኸት! ሴቶቹ እልል አሉ። ሾፌሮቹ አብዱሰላምን ከመሬት አነሱት፤ "ጥጡ! ጥጡ!" እያሉ ወደ ላይ ይወረውሩታል፣ እሱ የታሰረ እጁን ይዞ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ጁነዲን ፊሽካውን ሳያቋርጥ ይነፋል። ኑርሀያት ወገቧን ይዛ "አባ፣ ደግመህ እየው! ደግመህ!" ትላለች። "ጆሮሽ ተደፈነ? ጠብቋል አልኩ!" ይሏታል። ሰላሀዲን ራሱ መጥቶ አብዱሰላምን አቀፈው። "ወላሂ ይገባሃል" አለው።

ሀምዳ ብቻዋን ተንበርክካ ቀረች። ስምንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ጆሮዋ ላይ ነው፤ ሰመራ አሸንፏል። ተነስታ መዝለል ነበረባት። ግን ሩብ ዙር የሄደውን መፍቻ አይታለች። እና ነገ ይቺው መኪና ሰላሀዲንን ይዛ የጅቡቲን ቁልቁለት ትወርዳለች። አንድ ብሎን ብትላላ ምንም አይደል ይባል ይሆናል፤ በዚህ ቤት ግን እንዲህ አይባልም። በዚህ ቤት ብሎን ዘመድ አያውቅም። ደግሞ አባቷ ለሷ ሲሉ ዋሹ። በሕይወታቸው ሙሉ ለማንም ያላደረጉትን!

"አባ" አለች፤ ጩኸቱ ዋጠው። ተነሳች። "አባ! አሥረኛዋ አልጠበቀችም!"

"ዝም በይ ሀምድዬ" አሉ ቀስ ብለው።

"ዝም አልልም! እኔ ነኝ የተውኳት፣ ቸኩዬ። አንተም አይተሃታል!"

ጩኸቱ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። አብዱሰላምን መሬት አወረዱት። ጁነዲን መፍቻውን ከአባትዬው እጅ ተቀበለ፣ አሥረኛዋ ላይ ሰካ፣ ዞረች። "ዞረች" አለ፤ ያጠፋው እሱ ይመስል አፈረ።

ኑርሀያት አባቷን አየች። ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። "አባ... አንተ?"

አባትዬው ሰው ባቀረበላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"መሸነፍ ፈልጌ ነው" አሉ። "ምን ታደርጉኛላችሁ? ስምንት ዓመት ይሄ ልጅ ያሸንፋል ብዬ ስጠብቅ፣ የሱ እጅ እስኪጠነክር የእኔ ጉልበት አለቀ።" ወደ ሀምዳ ዞሩ። "አራት ዓመት ይሆነዋል፤ ከሰላሀዲን ጋር ጅቡቲ ስሄድ ሰመራ አደርን። ጧት ሱቅሽ ፊት ለፊት አስቆምኩት። አንቺ በር ላይ ሻሽ ትሰቅያለሽ። ሰላሀዲን ሻይ አመጣልኝ፣ መኪናው ላይ ሆኜ ጠጣሁ። ደግሞ ሌላ አስመጣሁ። ቀና ብትዪ ታዪኝ ነበር፤ ቀና አላልሽም። ና አልተባልኩምና ሳልወርድ ሄድኩ።"

ሰላሀዲን መሬት መሬት ያያል። "እንዳትናገር አሉኝ" አለ።

ሀምዳ ያን ጧት ልታስታውስ ሞከረች፤ አልቻለችም። በየጧቱ ሻሽ ትሰቅላለች። የአባቷ መኪና ከፊት ለፊቷ ቆሟል፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ሙሉ ቆሟል፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታለች! ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና ጉልበታቸውን አቀፈች።

"አባ፣ ና።"

"አላሸነፍሽም እኮ።"

"ሳላሸንፍ ነው የምልህ። ና፣ ቤቴ ና! ክፍል አለህ፣ አልጋ አለህ፣ ላስቲኩን እንኳ አላነሳሁትም!"

"መሐላሽስ?"

"ከፋራዬን አወጣለሁ። ስላፈረስኩት መሐላ አሥር ሚስኪን አበላለሁ።"

"አሥር?" አባትዬው ወደ ጎማው አዩ፣ አሥሩን ብሎን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪናወጥ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲያይ ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ ግማሹ እንባውን እየጠረገ።

ኑርሀያት ግን ኑርሀያት ናት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወገቧን ያዘች። "ቆይ ቆይ! ብሎኗ ከዞረች ያሸነፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ጁነዲን፣ ፍረድ!"

"የናንተን ገና አልፈተሽንም" አለ ጁነዲን።

"እና ፈትሻ!"

ጁነዲን ዞሮ ፈተሸ፤ የሰላሀዲን ብሎን መቼ ይላላል። ዘጠነኛ ድል ለአዋሽ! "አረፋው የኔ ነው፣ ተግባባን?" አለች ኑርሀያት እህቷን ከመሬት እየጎተተች። "አባን ውሰጂው። ግን ለሚመጣው አረፋ ወፍራም አድርገሽ ትመልሺልኛለሽ፤ ከስቶ ከመጣ ወላሂ አልምርሽም!" ሁለቱም እየተሳሳቁ እየተላቀሱ ተቃቀፉ። ሥጋው ማረሩን ያሸተተው አንድ ሾፌር ነው።

"ነገ በጧት ነው የምንነሳው" አለ ሰላሀዲን። "ሰመራ አድርሼዎት ነው ወደ ጅቡቲ የማልፈው።"

አባትዬው ተነሱ። ሀምዳ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን መፍቻውን ከጁነዲን ተቀብለው ወደ አብዱሰላም ሄዱ። በሻሽ የተጠቀለለ እጁን አነሱና ደሙ የወጣበትን አዩት፤ ከዚያ መፍቻውን በዚያው እጁ ላይ አስቀመጡት።

"እንካ ልጄ፣ ያቺን ብሎን አንተው አጥብቃት" አሉት። "ነገ በሷ ነው ቤትህ የምመጣው።"